የሹመቱን ደብዳቤ የጻፉት የወይዘሮ ጽጌሬዳ ዋኘው ሕይወት

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ዋኘው ከአባታቸው ከግራዝማች ዋኘው ገብረ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ወልደኢየሱስ በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን፣ ኅዳር 21 ቀን 1920 ዓ.ም. ተወለዱ። ጠላት ከአገር በወጣ ማግሥት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ጎንደር አጎታቸው ዘንድ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ነበሩ፤ ይህን ሲያወሱ ይሥቁ ነበር።

በ1942 ዓ.ም. በአቶ ሐብተ ማርያም ቢያዝን የቅባት እህል ንግድ ቤት በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ፊት ለፊታቸው ባለው ጠረጴዛ አቶ ክንዱ አያሌው የሚባሉ ወጣት ጸሐፊ ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ተዋደዱ፤ ሊጋቡም ቃል ተገባቡ። በ1946 ዓ.ም. ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ፣ አቶ ሐብተ ማርያም ልጃቸውን እናኑን ለአቶ ክንዱ ሊድሩ፣ የንግድ ቤቱን ሥራ አስኪያጅነትም ሊሰጧቸው እንደሚሹ አስታወቁ። አቶ ክንዱ የድኻ ልጅ ነበሩና ሦስት ቀን ተጨንቀው በአራተኛው ተቀበሉ። የሹመቱን ደብዳቤ መጻፍ የወይዘሮ ጽጌሬዳ ሥራ ነበር። አንድ ፊደል ሳይሳሳቱ ጽፈው ሲያስረክቡ፣ "ቀና ይሁንልህ። እኔ ግን ከዚህ ወንበር አልነሣም፤ እንጀራዬ ነው" አሏቸው።

አልተነሡምም። ዘጠኝ ዓመት ሥራ አስኪያጁን "እርስዎ" እያሉ፣ የጠየቃቸውንም ባል ሁሉ እየመለሱ ኖሩ።

ወይዘሮ እናኑ በ1952 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጃቸውን ሽታዬን ትተው በወሊድ ዐረፉ። አቶ ክንዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ሲልኩ፣ ወይዘሮ ጽጌሬዳ መልሱን ለሽማግሌዎቹ አልሰጡም። ራሳቸው ወደ ልጅቱ ሄደው ጎንበስ ብለው፣ "እናትሽን አልተካም። ከእናንተ ጋር ልኑር?" ሲሉ ጠየቋት። ሽታዬ እጃቸውን ያዘች። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

አቶ ሐብተ ማርያም በነገሩ ተቀይመው አማቻቸውንም ሙሽራይቱንም ከሥራ አሰናበቱ፤ ከሹመቱ ጋር የተሰጠው አውቶሞቢልም ቤትም ተመለሰ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ግን ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከትክል ድንጋይና ከዛሪማ ለሚመጣው ባለጉዳይ አቤቱታ እየጻፉ ትዳራቸውን አቆሙ። አቶ ክንዱ አጠገባቸው ተቀምጠው የባለጉዳዩን ቃል ይቀበሉላቸው ነበር። እሑድ እሑድ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሽታዬን አልብሰው እስከ አያቷ ደጅ ያደርሷታል፤ ራሳቸው ግን ሰባት ዓመት ሙሉ "ይግቡ" ያላቸው አልነበረም።

አምና ወይዘሮ ጽጌሬዳ በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ አቶ ሐብተ ማርያም ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። "የልጄን ልጅ ያሳደግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ይቅር በዪኝ" ቢሏቸው፣ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ወንበር እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው የቀሩበት ቀን የለም።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሰኔ 4 ቀን 1963 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በቀሓ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

እኛ ቤተ ዘመዶቻቸው ባለቤታቸውን ብቻ ትተው እንዳለፉ፣ ልጅም እንዳልወለዱ ጽፈን ነበር። ሽታዬ አንብባ፣ "ይሰረዝ፤ እኔ ልጃቸው ነኝ" አለች። ስለዚህ ተሰርዟል። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ባለቤታቸውን አቶ ክንዱንና ልጃቸውን ሽታዬን ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን፤ ለሚያለቅሱላቸውም ሁሉ ጽናቱን ይስጥ።