ከአበልጅ ጋር የተጻፈ ውል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የደብረ ብርሃን ብርድ ጀመረ። ከቢሮ ስመለስ ልጄን ሕይወትን እማማ አመተ ማርያም አልጋ ላይ ተኝታ አገኘኋት። አከራዬ ናቸው፤ የሕይወትም ክርስትና እናት። ስድስት ዓመት ስኖር አንድም ወረቀት በመሀላችን የለም። ቢሮ የሥራ ባልደረባዬ ሰብለ ስለ አዲሱ የቤት ኪራይ ሕግ ስታወራ ዋለች። "ውልሽን አስመዝግቢ፣ ሁለት ዓመት ማንም አያስወጣሽም።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
የእማማ ልጅ ሳምሶን ከአዲስ አበባ መጣ። ግቢውን በእርምጃ ሲለካ ዋለ። "ለፋብሪካ ሰዎች ብናከራየውስ?" ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸው ዝም። ዝም ማለት እሺ ነው? ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከአበልጅ ጋር ውል ይጻፋል? በምን አፌ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ተናገርኩ። "እማማ፣ ሕጉ ውል ይኑር ይላል።"
"በእኔና በአንቺ መሀል?"
ነጠላቸውን ደርበው ውል እስከሚመዘገብበት ቢሮ ተከተሉኝ። ጸሐፊው ወረፋው በዝቶበት "ለሁለት ዓመት" እያለ ጥድፍ ጥድፍ አድርጎ አነበበላቸው። አሻራቸውን አኖሩ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
ሰላምታ አለ፣ ጨዋታ የለም። ቤት አገኘሁ ብዬ ሰው አጣሁ መሰለኝ። ደክሞኛል። እንኳን ይቅርታ ልለምናቸው፣ እራት መሥራትም አቃተኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30
ከቅዳሴ መልስ ራሳቸው መጡ። ግቡ ብላቸው በር ላይ ቆሙ።
"ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ልጄን ይዘሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?"
ክው አልኩ። ለካ የመሄጃ ቀኔን የቆረጥኩ መስሏቸው ነው! ከሁለት ዓመት በፊት አታስወጧት ማለት እንጂ ከዚያ በኋላ ትውጣ ማለት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ደግሜ አስረዳኋቸው።
ገብተው ቁጭ አሉ።
"እኔ ብሞትስ? ውሉ ሳምሶንን ይይዘዋል?"
"ይይዘዋል መሰለኝ፣ እማማ።"
"እንግዲያ ደግ አድርገሻል። የእኔንም ቅጂ አንቺው ያዥው። እኔ ቤት አይደር።"
ሲወጡ አለቀስኩ። ለካ እሳቸውም ልጃቸውን ይፈራሉ።