ላሞች የላሷት ኤሊ

ሁምቦ፣ ጥር ፲፱፻፳፮

ወንድሜ አድነው፤

አብሬያቸው የምዞረው ፈረንጅ ሥራቸው ከምድር የጠፉ ኤሊዎችን በየዘራቸው መለየት ነው። ትናንት አቶ ሻንቆ በሚባሉ ገበሬ ደጅ ላይ ድንጋይ የሆነች ኤሊ አገኙ። ቤተሰቡ ከአያት ጀምሮ የከብቶቹን ጨው የሚበትነው እሷ ላይ ስለሆነ፣ ዘሯን የሚናገረው የጀርባዋ መስመር በምላስ አልቋል። ፈረንጁ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። አቶ ሻንቆ እንደነበረች እንድንመልሳት አስምለው አስገለበጡን። ፈረንጁ ዳሌዋ ከጀርባዋ ጋር መጋጠሙን ሲያዩ፣ "አንገታቸውን ወደ ጎን አጥፈው ከሚደብቁት ወገን ናት!" ብለው ጮኹ።

"የአባያ ኤሊዎችም እንዲሁ ናቸው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ!" አሉ አቶ ሻንቆ።

ፈረንጁ ስሟን ጻፉ፤ ላሞቹም ወደ ጨዋቸው ተመለሱ።

ቦታ አነሰኝ። እማማ ሳህሊቱን ሳምልኝ። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ከሚቀመጡባት ድንጋይ አስነሥተህ፣ ድንጋይዋን ገልብጠህ ሥሯን እይልኝ።

ቦጋለ