ሰሜን በድምፅ ብልጫ

ሰኞ፣ ኅዳር 4፤ 5ኛ ክ/ጊዜ እንዳለቀ

ክቡር ደብተሬ፣ ግቢው ሲሚንቶ ላይ የምንስለው የአካባቢያችን ካርታ ሦስተኛ ቀኑ። ጂኦግራፊና ሥነ ዜጋ ባንድ ላይ፤ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ ተማሪው ነው የሚወስን። ጨፋ ያለ ተቃውሞ ገባ። ሰንበቴ በጭብጨባ። ባቲ ከብዙ ንትርክ በኋላ። ቀረ ሰሜን። ኮምፓሱ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከነሠራተኛው ሥልጠና ሄዷል። ር/መምህሩ ብቅ አሉና ቀስቱ ወደ ቢሯቸው ቢያመለክት ለእንግዳ ያምራል አሉ። ድምፅ ሰበሰብሁ! እጅ እንደ ጨፋ ማሽላ ቆመ። የኔም። ዘይነባ ብቻ አላወጣችም። «ቲቸር፣ ሰሜን እኮ በዘበኛው ጎጆ በኩል ነው!» ክፍሉ ሳቀ። ዴሞክራሲ አሸነፈ።

ማክሰኞ፣ ማታ 12 ሰዓት

ቀስቱ በቀይ ዘይት ቀለም ተቀባ። ር/መምህሩ ደስ ብሏቸዋል፤ የእድገት ደብዳቤዬን ዓርብ፣ የዞን እንግዶች ካርታውን እንዳዩ ይፈርማሉ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ፊርማ! ለእንግዶቹ የምታብራራው ዘይነባ ናት፤ ካርታውን አንድም ሳታስቀር የምታውቅ እሷ ብቻ።

አሁን ፀሐይ ከቢሮው ጀርባ ጠለቀች። በሰሜናችን! ማንም ሳያየኝ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

ዘይነባ አትላስና ማስመሪያ ይዛ መጣች። ከተማችን ከሚሴም መካም አርባኛው የኬንትሮስ መስመር አጠገብ፤ መካ ቀጥ ብላ ከላይ። እንግዲህ ቂብላችን፣ ዞረን የምንሰግድበት፣ ሰሜን ነው። በቀን አምስቴ እየዞርሁበት፣ ያውም የጂኦግራፊ መምህር፣ አላየሁትም! ዘበኛው ጋሽ ይመር ጎጇቸው ፊት መስገጃ ሲያነጥፉ ደርሼ፣ ለማረጋገጥ ያህል ጠየቅሁ። «ወዲህ፣ ገረ ከና! ምነው፣ ድምፅ ሰጣችሁበት እንዴ፣ ያ ረቢ?»

ሐሙስ

ር/መምህሩ ስሕተቱን ሰምተውም ቆርጠዋል፦ ቀለም ደርቋል፣ ልጅቱ የተሳለውን ታብራራ፣ ካልሆነ በሌላ ትተካ። ነገርኋት። «ቂብላን አዙሬ በምን ዓይኔ እናቴ ቤት ልግባ፣ ቲቸር?» ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ማስመሪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። ለምን እንደተወችው አልገባኝም።

ውሸቴን ነው። ገብቶኛል።

ዓርብ፣ ጧት 1፡30

እንግዶቹ 3 ሰዓት ላይ ናቸው። ደብዳቤው ር/መምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ማኅተሙ ጎኑ። ዘይነባን ከቤቷ አስጠራሁ። ጋሽ ይመር ቤንዚንና ጨርቅ ሰጡኝ፤ ምርቃትም ጨመሩ። ቀዩን ቀስት እኔው እፍቃለሁ፣ አዲሱን እሷ ትስላለች። ለምን ተቀየረ ካሉ፣ እጄን አውጥቼ ነበር፣ አወረድሁት እላለሁ።

በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ማስመሪያዋን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ድምፅ አልሰበስብም።