በአደራ የሰጠኸኝ መታወቂያ

ውድ ወንድሜ ባፈና፣

ካረፍክ ዛሬ ሁለት ወር ሞላህ። ባለቤትህ አስቴር ደህና ናት፤ ቤቱ ጭር እንዳይልባት የኔዋ ሚስት መብሩካ ከሰዓት በኋላ እየሄደች ታጫውታታለች። ወፍጮ ቤቱም ሥራ ላይ ነው። ይህን ካወቅክ ቀሪውን ረጋ ብለህ ስማኝ። በሕይወት ሳለህ በአፌ የነገርኩህን ዛሬ በጽሑፍ የማስቀምጠው፣ ዓመት ባለፈ ቁጥር ነገሩን ለራሴ እንዳላሳምረው ብዬ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሾላ ገበያ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ሠራን፤ አንተ በወፍጮህ፣ እኔ በቅመሜ። በርበሬ በምትፈጭበት ቀን ደንበኞቼ እያነጠሱ ሲሸሹብኝ እሰድብህ ነበር። አንተ ደግሞ ዱቄት በለበሰ ፊትህ "ማነጠስ ጤና ነው፣ ምረቀኝ እንጂ!" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። በወጣትነትህ ምሥራቅ ግንባር ሁለት ጣትህን ጥለህ መጥተህ፣ በቀሩት ስምንቱ ያንን ትልቅ ሞተር ፈትተህ ስትገጥም ሰው ቆሞ ያይህ ነበር። ስለ ዘመቻህ ግን ብዙ አታወራም። ኒሻንህንም አስቴር ካልጎተጎተችህ አትሰካውም።

ጦርነት በተነሳ ጊዜ ግን ሰፈሩ አንተን ፈለገ። የሚዘምቱት የየካ ልጆች ተሰብስበው "ጋሽ ባፈና ይመርቁን" አሉ። ኒሻንህን ሰክተህ ወጣህ፤ አንድ በአንድ ትከሻቸውን ይዘህ መረቅካቸው። የኔ ልጅ ዒምራንም ከመሃላቸው ነበር፤ ስንቅ ሊያመላልስ በሹፌርነት ተመዝግቧል። "በሰላም ሄደህ በሰላም ግባ፣ ልጄ" አልከው። መብሩካ አለቀሰች። እኔ ዋጥ አደረግኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሱቄ ገብተህ በሩን ገርበብ አደረግክ። የልጅህን የምንያህልን መታወቂያ ከኪስህ አውጥተህ መዳፌ ላይ አስቀመጥክ።

"ደብቅልኝ። ቤት ካስቀመጥኩት ያገኘዋል። ያለዚህ አይመዘግቡትም።"

የሰው ልጅ መርቀህ ሸኝተህ የራስህን ልትደብቅ ነው ወይ ማለት ነበረብኝ። አላልኩህም። "እሺ" ብዬ ኮረሪማ የማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከተትኩት።

በአራተኛው ቀን ልጅህ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ጋሽ ጠሀ፣ ሰፈር ውስጥ መሄድ አፈርኩ። አባትህ የሰው ልጅ እየመረቀ የራሱን ይሸሽጋል የሚሉኝ ይመስለኛል። መታወቂያዬን ቤት ፈልጌ አጣሁት፤ እርስዎ ጋ እንዳለ ገብቶኛል" አለኝ።

ልመክረው እችል ነበር። ላንተ ልደውል እችል ነበር። ጣሳውን ከፍቼ በእጁ ሰጠሁት። ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፤ ያዘነለት ደግ ሰው መሰልኩት። ወላሂ ባፈና፣ በዚያች ሰዓት ልቤ ውስጥ የነበረው ደግነት አልነበረም። "የኔ ሄዶ ያንተ ለምን ይቀራል?" የሚል ነበር።

ሮጠህ ስትመጣ "አላየሁም፤ ለሶላት ወጣ ስል ገብቶ ወስዶት ይሆናል" አልኩህ። ሶላቴን የውሸቴ መሸሸጊያ አደረግኩት። አንተም አመንከኝ። ምንያህል ተመዝግቦ ዘመተ።

ዒምራን በስምንተኛው ወር አንድ ጭረት ሳይነካው ገባ። ምንያህል ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ መጣ።

ሰው ሠራሽ እግር ከተገጠመለት በኋላም ከቤት አልወጣም ብሎ ነበር። ያወጣኸው አንተ ነህ። እሁድ እሁድ ማለዳ በእንጦጦ ዳገት፣ በባሕር ዛፉ መሃል ስትወጡ እኔም ውሃ ይዤ እከተላችሁ ነበር። ሲወድቅ አታነሳውም። ከኋላው ቆመህ "ግራህን አጽና! አሁን ቀኙን!" ትለዋለህ። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወድቆ "በቃኝ፣ ተወኝ!" ብሎ ጮኸብህ። አጠገቡ ጭቃው ላይ ቁጭ አልክ።

"እኔም ጣቶቼን ያጣሁ ሰሞን የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ፣ የምትቆልፍልኝ እናቴ ነበረች። ያውም አምሳ አለቃ ሆኜ!" አልከው።

ምንያህል ሳቀ። ተቃቅፋችሁ ሳቃችሁ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። በዓመቱ ሳያርፍ እስከ እንጦጦ ፓርክ በር ድረስ ሲወጣ፣ በምን አፌ እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ?

ሳንባህ ታሞ አልጋ በያዝክ ጊዜ ግን ቻል ማድረጉ አቃተኝ። አስቴር መድኃኒት ልትገዛ በወጣችበት ነገርኩህ። እስክጨርስ አላቋረጥከኝም።

"በእጅህ ሰጠኸው?"

"በእጄ።"

"ዒምራን ስለሄደ ነው?"

ያንን አልነገርኩህም ነበር፤ አንተው ደረስክበት። "አዎ" አልኩህ።

"ውጣልኝ" አልከኝ። ወጣሁ።

ሦስት ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። በአራተኛው ቀን አስቴር ደውላ "ጋሼ፣ ይጠራዎታል" አለችኝ። ይቅር ልትለኝ የጠራኸኝ መስሎኝ እየተጣደፍኩ መጣሁ። አንተ ግን ሌላ ነገር ይዞህ ነበር።

"እነዚያን ልጆች ሁሉ መርቄ የሸኘሁ እኔ ነኝ" አልከኝ፣ እያሳለህ። "ያልተመለሱት አሉ። አባቶቻቸው መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል። የምንያህልን መታወቂያ ደብቄ እንደነበር ቢያውቁ ምን ይሉኝ ነበር? አንተን ስረግም ሦስት ቀን አደርኩ፤ እርግማኑ ዞሮ እኔው ላይ ነው የሚያርፈው።"

እጅህን ያዝኩ፤ አልነጠቅከኝም።

"ልጄ ግን አዝነህለት የሰጠኸው ይመስለዋል። እውነቱን ትነግረዋለህ?"

"እነግረዋለሁ።"

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን አረፍክ። በቀብርህ ላይ የመረቅካቸው ወጣቶች ሬሳህን በየተራ ተሸከሙት። አባቶቻቸውም ነበሩ። ዒምራንና ምንያህል ከፊት ሆነው ነበር።

ባለፈው ሰኞ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ምንያህል ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ እያጠበቀ ነበር። "ቁጭ በል፣ የምነግርህ አለ" አልኩት። ሁሉንም፣ ለምን እንዳደረግኩትም ሳይቀር ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።

"መሄድ የፈለግኩት እኔ ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "ቢሆንም... አሁን ምን ልበልዎት፣ ጋሽ ጠሀ?"

"ምንም አትበለኝ።"

ጤፍ ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ተነስቶ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኛል እንጂ እንደ ድሮው ገብቶ አይቀመጥም። አልፈርድበትም። ይቅርታ የሱ ነው፤ ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም አሁን የሚያውቀው እውነተኛውን ጠሀን ነው። አንተ ቃል ባታስገባኝ ኖሮ፣ ወንድሜ፣ ደግ ሰው እንደተባልኩ እቀበር ነበር።

አፈሩ ይቅለልህ።

ጎረቤትህ ጠሀ
ሾላ