ያልላክሁት ቴሌግራም

ናዝሬት፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣ ካለህበት፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ በብርድ የሚያሠቃይህ ጉልበትህስ ተሻለው ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ነፋሱ አቧራውን ቤት ድረስ ያስገባል፣ እጠርጋለሁ፣ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ደግሞ ተነሥቼ እጠርጋለሁ።

እማዬ የካቲት ሃያ ሰባት ቀን ማረፏን በቴሌግራም ነግሬህ ነበር። መልስ ስላላገኘሁ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ካልደረሰህ እንዲህ በወረቀት ስላረዳሁህ ይቅር በለኝ። አሁን የምነግርህ ግን በፖስታ የሚላክ አይደለም። ጎረቤታችን አብዱናሲር ነገ እህል ጭኖ ወደ አስመራ ስለሚነሣ በእሱ እጅ ነው የምሰጠው።

ነገሩ የጀመረው ከጡቷ ነው። አምና ሐምሌ ላይ እብጠቱን አግኝታው ኖሯል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጦሩ ውስጥ ድሬሰር የነበረች፣ በጅጅጋ የስንቱን ቁስል ያሰረች ሴት፣ የራሷን በፋሻ ጠቅልላ ደበቀችኝ። ኅዳር ላይ ልብሷን ሳጥብ ደም አየሁ። አዲስ አበባ ወሰድኋት። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን፣ ሳንባዋ ድረስ መዝለቁን ነገረን። እሷ ፊቷን እንኳ ሳትለውጥ «ስንት ወር አለኝ?» አለችው። «እስከ ፋሲካ ከቆዩ ጥሩ ነው» አላት።

የካቲት በገባ በሳምንቱ «ዩኒፎርሜን አውጪልኝ» አለች። ሰፍቷት ነበር፣ በመርፌ ቁልፍ ያዝሁላት። ኒሻኗን አድርጋ በጋሪ ወደ ጦሩ ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ከግንባር እንድትመጣ ላንተ ፈቃድ ልትለምን። መኰንኑ ኒሻኗን ሲያይ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣት። ቃሉ ግን አጭር ነበር፤ «ሃምሳ አለቃ የሺዓለም፣ ለበሽታ ፈቃድ ቀርቷል። ለወላጅ ሞት ብቻ ነው።» አመስግናው ወጣች። ባቡር ጣቢያው ጋ ስንደርስ «እንግዲያው ሞቻለሁ» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሣቅሁ። ቤት ስንገባ ወረቀት አስያዘችኝ፤ «እናትህ አርፋለች፣ ቶሎ ድረስ ብለሽ ላኪ።» እኔ እንዴት ይሆናል ስላት ተቆጣች። «ዓይኑን ለማየት መሰለሽ? ጦርነት አውቃለሁ፣ የዘንድሮው ወሬ አላማረኝም። ከዚያ ይውጣልኝ። እዚህ ከደረሰ አይመለስም» አለች። ዝዋይ፣ ደሴቱ ላይ ያለው አጎታችን ዘንድ ልትሸሽግህ አስባ መልእክት ልካለት ኖሯል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ከሥራዋ ቀርታ የማታውቀው እማዬ!

ቴሌ ሄድሁ። «አርፋለች» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ጠዋት ገንፎ ያጎረስኋትን እናት፣ በብዕር የምገድላት መሰለኝ። በማግስቱ ተመለስሁ፤ ጸሐፊዋ አዝና «ማን ሞተብሽ?» ስትለኝ ሮጬ ወጣሁ። ሦስተኛ ቀን በሩን እንኳ አላለፍሁም። ቤት ገብቼ «ልኬዋለሁ» አልኋት።

አመነችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድህን ትቆጥር ጀመር፤ ዛሬ ከረን ገብቷል፣ ዛሬ አስመራ አውሮፕላን እየጠበቀ ነው እያለች። ጋሪ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር «ራሴን አበጥሪኝ» ትለኝ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መቁጠሯን ተወች። ጎረቤታችን እትዬ ጉዲቱ «ጀባዹ፣ በርቺ፣ ይመጣል» ብትላት «ከልክለውት ነው እንጂ፣ እሱማ የእናቱን ሞት ሰምቶ አይቀርም» አለች። እጇን ይዤ ነበር። አልላክሁትም ማለት ሲገባኝ ትራሷን አስተካከልሁላት። ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አረፈች።

ያን ዕለት እውነተኛውን ቴሌግራም ለመላክ እጄ እምቢ አላለኝም። ወዲያው መጋቢት ገባ። መጋቢት ላይ በእናንተ ግንባር የደረሰውን እልቂት ሬዲዮው ባይናገረውም ሰው በሹክሹክታ ያወራዋል። እኔ ደግሞ ሥራዬ መቁጠር ሆኗል፤ እንዳለችኝ ልኬው ቢሆን፣ መጋቢት ስምንት ቀን የት ነበርክ? ዝዋይ ነበርክ። ዓሣ እየበላህ ነበርክ። ይህን የምጽፍልህ እንድትምረኝ አይደለም፤ እንድትቆጣኝ ነው። ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ፣ በእጅህ ይሁን ብቻ።

ዛሬ ደግሞ የሰዉ ነገር ግራ አጋብቶኛል። አብዱናሲር ጠዋት ደብዳቤ አለኝ ስለው ዓይኔን ሳያይ «ጻፊው እህቴ፣ ጻፊው» አለኝ እንጂ መቼ እንደሚያደርሰው አልነገረኝም። እትዬ ጉዲቱ ሳልጠራት መጥታ፣ ካልበላሽ ብላ በግድ አጎረሰችኝ። አሁን የዕድራችን ሽማግሌዎች አንድ ሁለት እያሉ ግቢ ገብተዋል። ምን ፈልጋችሁ ነው ብዬ ብወጣ «ደብዳቤሽን ጨርሺ ልጄ፣ እንጠብቃለን» አሉኝ። ለእማዬ ሰማንያ ተዝካር ሊመካከሩ ይሆናል፤ በዚህ ሳምንት ነውና። ሌላ ምን ይሆናል?

እንግዲህ ላሳጥረው። እመብርሃን በዋልክበት ትዋል፣ ባደርክበት ትደር። የእማዬ ምርቃት ከፊት ከኋላህ ይሁን። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሥተዋል፣ ወደ በሩ እየመጡ ነው። ቶሎ ጻፍልኝ፣ ዛሬውኑ ጻፍልኝ።

ያንተው እህት