ዋግምቱና የትርሲት መርፌ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ረፋድ
ገብሱ ቢጫ እየሆነ ነው። እኔም እንደዚያው። አትሳቅ፣ አንተ ደብተር።

የልጅ ልጄ ትርሲት ከአዲስ አበባ ደወለች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ካንሰር ታጠናለች፤ ስንት ዘመን ተሸክሜው የኖርኩትን ሆድ ከኔ በላይ አውቃለሁ ባይ ናት። አንጀቴ ላይ ያለው እጢ ደም ሲያንሰው ወደ ራሱ አዲስ የደም ሥር ያበቅላል አለች። የሰው ቦይ ሰብሮ ውሃውን ወደ ማሳው እንደሚመልስ ክፉ ጎረቤት ማለት ነው። ወራዳ! ቤቴ ተቀምጦ፣ ደሜን ጠጥቶ፣ ቦዩንም በኔው ጉልበት!

ሐኪሞቹ ሊወጉኝ ያሰቡት መርፌ ፕሮቲን ነው አሉ። አዲሱ የደም ሥር እንዳይበቅል ይከለክላል። የመጀመሪያው መርፌ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ አዲስ አበባ ነው። ፕሮቲን ከሆነ ሽሮ ለምን አትወጉኝም አልኳት። አልሳቀችም። “አባባ፣ እስከዚያ ምላጭ እንዳይነካዎት!” አለች። ቁስልም የሚድነው አዲስ የደም ሥር አብቅሎ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ እጢውን ከቁስሉ አይለይም። ቁስል ካለ መርፌ የለም።

ብልህ መድኃኒት! ሌባውንና ባለቤቱን የማይለይ ዘበኛ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
አያ ሽፈራው መጣ፣ ባለ ዋግምቱ። ቀንዶቹን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ። እጢውን የሚያበላው ደም ከሆነ ደሙን እንምጠጠው ይላል። ሐኪም ቦዩን ይዝጋ፣ እሱ ውሃውን ያፈሳል። አቤት ጥበብ! በጎቼ ከሱ ይሻላሉ፤ ዝም ማለት ያውቃሉ።

የትርሲትን ማስጠንቀቂያ ነገርኩት። “ምላጭ ፈራሁ አትልም?” አለኝ። እኔን! ሸሚዜን አወለቅሁ። ጀርባዬን በጣ፣ ሦስት ቀንድ ሙሉ አወጣ። ጥቁር ደም ነው እያለ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ከሁለታችን ማን ይበልጥ ደደብ እንደሆነ አንተ ፍረድ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ማለዳ
አንዱ ብጣት መግሏል። ሸሚዜ ይጣበቅበታል። ትርሲት ደወለች። ቁስል የለም አይደል? የለም አልኳት። ደግማ ጠየቀች። ጢሜን እንኳ አልተላጨሁም፣ ባሕታዊ መስያለሁ አልኳት። ሳቀች። ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፤ አውቶቡስ ተራ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ሳቋ ቁርሴን አስጣለኝ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ
ሽፈራው ተመልሶ መጣ። ቁስሉን ሌላ ዋግምት ያደርቀዋል አለ። ቀንዱን ለበሬው መልስለት አልኩት። ሐኪሞች ዋግምቴን ፈርተው ነው ብሎ ተኮፍሶ ሄደ። ይሂድ።

ነገ ጀርባዬን ሸፍኜ ብቀርብስ? ክንዴን እንጂ ጀርባዬን ማን ያያል? ይህን አሰብኩ፤ አልዋሽህም። ከዚያ አፈርኩ። እጢውን ስንቀው የከረምኩት ተደብቆ ስለሚሠራ ነው። እኔስ? በዚህ ገላ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ አንድ ይበቃል።

እነግራታለሁ። መርፌው ይዘገያል። ትጮህብኛለች፤ ይገባኛል። ነገም እሄዳለሁ፣ ቁስሉን ይዩት።

ስልኩ እየጠራ ነው፤ ትርሲት ናት። ስለ ገብሱ ልጀምርላት ይሆን... አይ። በጀርባዬ ቁስል እጀምራለሁ።