ድርግም ያለው ስክሪን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14፤ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ኮራሁ። አሮጌው ላፕቶፔ ሥዕላ ሥዕሉ ሁሉ ስለሚከብደው ሊኑክስ በሚባል፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ በሚሠራ ሥርዓት ነው የምጠቀመው። ባትሪውን የሚጨርሰው ስክሪኑ ነበር፤ ማንም ሳይነካው ሲበራ ይውላል። ጠዋት አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፌ፣ ጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ስክሪኑ በራሱ እንዲጠፋ አደረግሁት።

መብራት የሄደው የመመረቂያ ጽሑፌ ስሌት ገና ግማሽ ላይ እያለ ነው። ላፕቶፑ ከጠፋ እንደገና ከዜሮ መጀመሬ ነው። ከአምበር ለገበያ የመጡት አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ስናወራ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁና በለቅሶ ቤት ድምፅ «እግዜር ያጽናሽ ልጄ፤ ስንት ደክመሽበት!» አሉኝ።

ሳቄን ውጬ አንድ ቁልፍ ነካሁ። ፊደሎቹ ተመለሱ፤ ስሌቱም እየሄደ ነው።

«አልሞተም እንዴ?»

«ኧረ አልሞተም አባባ! ባትሪ እንዲቆጥብ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ስክሪኑ ጠፍቶም ሥራውን ይሠራል።»

ትንሽ አዩትና፣ «እንዳንቺ ነው ለካ» አሉ። «ዝም ስትዪ የለሽም እንላለን።»

ስሌቱ መብራት ሳይመጣ አለቀ። አባባ ይህችን «እንዳንቺ ነው» ያሏትን ቃል ቤት ሄደው፣ ዝም ስል የለችም በሚሉት ወንድሞቼ ፊት ቢደግሟትማ እንዴት ደስ ባለኝ…